ከሐይቅ ወጥቶ መታከክ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ትናንት ሐይቅ ዋኝቼ ማታውን እግሬን ሲበላኝ አደረ። ዛሬ ቀያይ ሽፍታ ወጥቶብኛል። ምንድን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሽፍታው የት ላይ እንደሚያቆም እይ። ውሃው እስከ ጉልበትህ ከነበር እዚያው ጉልበት ላይ ቁርጥ ይላል፤ ቁምጣ የሸፈነው ቦታ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እንዲያ ከሆነ የወፍ ትል ሳይሆን አይቀርም። ትሉ ዳክዬን በመሳሰሉ የውሃ ወፎች ደም ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ በኩሳቸው ውሃ ይገባል። ከዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ወፍ ፍለጋ ይዋኛል። አንተን ሲያገኝ ተሳስቶ ቆዳህ ውስጥ ይገባና እዚያው ይሞታል። የሚያሳክክህ ሰውነትህ ሲቆጣበት ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ላይ ይጋባ ይሆን? አንሶላ መቀቀል ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ ድስቱን አውርጂው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም።

ጥያቄ፦ በምን ላስታግሰው?

መልስ፦ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ካላማይን ሎሽን ወይም 1% ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት። እንቅልፍ ከነሳህ እንደ ሴትሪዚን ያለ የአለርጂ ክኒን ፋርማሲ ጠይቅ። ጥፍርህን ቁረጥ፤ ብዙ ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው መፋቁ ነው። መግል ከያዘ ሐኪም ይየው። ያለበለዚያ በ1 ወይም በ2 ሳምንት በራሱ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አብራኝ የዋኘችው ጓደኛዬ ምንም አልሆነችም።

መልስ፦ ደጋግሞ ያገኘው ሰው ይብስበታል። እሷም በሚቀጥለው ጊዜ ላትተርፍ ትችላለች።

ጥያቄ፦ ቢልሃርዚያ ቢሆንስ?

መልስ፦ ቢልሃርዚያ በሰው ደም ውስጥ የሚኖር ትል የሚያመጣው በሽታ ነው፤ እሱ ባለበት አካባቢ ከዋኘህ ይህን በቀልድ አትለፈው። ቆዳ ላይ ሲጀምር ከወፉ ትል ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ የሰውኛው ትል ግን ቆዳ ውስጥ አይሞትም፣ ወደ ደም ይዘልቃል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ሕመም፣ ሽንት ወይም ሰገራ ላይ ደም ከታየ ተመርመር፣ ውሃ ውስጥ መግባትህንም ንገራቸው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። በማግስቱ ገዝተህ አትዋጥ፤ ገና ያልበሰለውን ትል በደንብ አይገድልም።

ጥያቄ፦ እኔን ባህር ውስጥ ነው የያዘኝ፣ ያውም ከዋና ልብሴ ስር።

መልስ፦ ያ ሌላ ነው። ልብስ ስር የተያዘ የጄሊፊሽ እጭ ሲነድፍ እንዲህ ያደርጋል። ልብስሽን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳታጥቢ መልሰሽ አትልበሺ።

ጥያቄ፦ ዋና ግን አልተውም!

መልስ፦ ማን ተው አለህ? ቀንድ አውጣ የሚበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ አትንቦራጨቅ። ለዳክዬዎቹም ዳቦ አትወርውር። ከውሃ እንደወጣህ ፎጣ አንስተህ እግርህን ፈትገህ አድርቅ፤ ፀሐይ ታድርቀኝ ብለህ አትጋደም።