የደላላ ፈቃድ ከማውጣትዎ በፊት ውክልናውን ያሳዩ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ታቦር አካባቢ ላለፉት አራት ዓመታት ቤት ሳሻሽጥና ሳከራይ ቆይቻለሁ። አሁን ቢሮ ከፍቼ በሕጋዊ መንገድ መሥራት እፈልጋለሁ። የደላላ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ምን ያስፈልገኛል? በእጄ ላይ ደግሞ ያላለቀ አንድ ሽያጭ አለ። የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ስለሆነች ውክልናው በስሜ ነው፤ ገዢውም ቀብድ ከፍሏል። ድርሻዬን ከላይ ስለማገኝ ከእሷ ኮሚሽን አልጠይቅም። ይህን ጨርሼ ፈቃዱን ባወጣ ይሻላል?

መልስ፦ የፈቃዱ ነገር ቀላል ነው። የሚገዛው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው ቁጥር 1150/2011 ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣሉ፤ መታወቂያዎንና የቢሮውን የኪራይ ውል (ቤቱ የራስዎ ከሆነ ካርታውን) ይዘው በንግድ መዝገብ ይመዘገባሉ፤ ከዚያ የሥራ መደብ መርጠው ፈቃዱን ይወስዳሉ። መደቡ ላይ አይቸኩሉ። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ሥራ ቤት ማሻሻጥንና ማከራየትን ካልሸፈነ፣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም ያለ ፈቃድ እንደሚሠራ ሰው ሊጠየቁ ይችላሉ። የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልግ እንደሆነም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ዝርዝሩን ይውሰዱ። እድሳቱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነው፤ ታኅሣሥ 30 ካለፈዎት ቅጣት ይጨመርበታል።

“ጨርሼ ባወጣ” ላሉት መልሴ አይሆንም ነው። ያለ ፈቃድ መነገድ እስከ እሥራት የሚያደርስ ወንጀል ነው። ያለፉት አራት ዓመታት ገቢም የግብር ጥያቄ ማስነሳቱ ስለማይቀር፣ ግብር ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ግብር የሚያውቅ ጠበቃ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ።

አሁን ሳይጠይቁኝ ወዳለፉት ጉዳይ ልግባ። ድርሻዎን ከላይ እንደሚያገኙ ጽፈዋል። እንደገባኝ የቤቱ ባለቤት አንድ ዋጋ ነግራዎታለች፣ እርስዎ ለገዢው ሌላ ዋጋ ነግረውታል፣ እሷም ልዩነቱን አታውቅም። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ወንድሜ፣ ደላላ በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ ያገናኛል። ውክልና ከተቀበሉ በኋላ ግን መካከል ላይ አይደሉም፤ የሻጯ ሰው ሆነዋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2209 ተወካይ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ ያስገድዳል፤ ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው የራሱን ጥቅም ማግኘትንም ይከለክላል። እሷ 6 ሚሊዮን ብላ እርስዎ በ6.4 ሚሊዮን ቢሸጡ 400 ሺህው የእሷ ነው። ገንዘቡን ከመመለስ አልፎ በእምነት ማጉደል ወይም በማታለል ወንጀል ሊያስከስስዎት ይችላል። ነገ የሚያወጡት ፈቃድም ይህን አያጸዳልዎትም። ብዙ ደላሎች ጥሩ ስም ይዘው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ “እሷ የጠየቀችውን አግኝታለች” የሚለው ክርክር ሲያድናቸው አላየሁም። መፍትሔው እውነተኛውን ዋጋ ነግረው ኮሚሽንዎን ከሽያጩ በፊት በጽሑፍ መስማማት ነው። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላይ ብቻ አይደገፉ።

ውክልናውንም አውጥተው ቃል በቃል ያንብቡት። በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ “ለማስተዳደር” የሚል ሰነድ አያሸጥም። መሸጥ፣ ገንዘብ መቀበልና ስም ማዛወር እያንዳንዳቸው ተጽፈው እንደሆነ ይዩ፤ አንዳንዱ ውክልና ያሸጣል እንጂ ብር አያስቀብልም። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው አረጋግጦታል? እዚህስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፏል? የቤቱ ባለቤት ባል ይኑራት አይኑራትም አልነገሩኝም። ቤቱ የጋራ ከሆነ ያለ እሱ ስምምነት የተደረገ ሽያጭ ሊፈርስ ይችላል።

ቀብዱ የገባው በማን ሒሳብ ነው? በቁጥር 1885 ቀብድ ከፋዩ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። 300 ሺህ ከሆነ 600 ሺህ ማለት ነው። ብሩ በእርስዎ ሒሳብ ካለ፣ ባለቤቷ ሐሳቧን የቀየረች ዕለት ገዢው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእርስዎን በር ነው። ውሉ በሁለት ምስክር ብቻ የተፈረመ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ያላሟላን ውል እንደ ረቂቅ፣ ማለትም ገና እንዳልጸና ውል፣ ቆጥሮታል። ወረቀቱ ረቂቅ ነው ከተባለ በቀብዱ ላይ የሚነሳው ክርክርም መልኩን ይቀይራል፤ ስለዚህ ሰነዱን ሳላይ የቀብዱ ዕጣ ይህ ነው ብዬ አልነግርዎትም።

ከገዢው ተጨማሪ ብር አይቀበሉ። የውክልናውን ዋና ቅጂ፣ የካርታውን ኮፒ፣ የቀብዱን ደረሰኝና የባንክ መግለጫ ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ። ከቤቱ ባለቤት ጋር ስለ ዋጋ የተጻጻፉትንም ሁሉ ያትሙ፤ የማይመችዎት መልእክት ቢኖርበት እንኳ እንዳያጠፉት።