ዛፎቹ እያበጡ ስሕተቱ ካልቀነሰ

አንድ አንባቢ የውሃ ፓምፕን የኃይል ፍጆታ ከግፊትና ከፍሰት መጠን የሚገምት ቀመር በጄኔቲክ ፕሮግራሚንግ እየፈለጉ ነው፤ ይህ ቀመሮችን ቅርንጫፍ ባለው ዛፍ መልክ የሚያስቀምጥ፣ የተሻሉትንም እየመረጠና እያዳቀለ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻሽል የኮምፒውተር ዘዴ ነው። ከ30ኛው ትውልድ በኋላ ፕሮግራሞቹ እጅግ እንደተንዛዙ፣ ስሌቱም እንደዘገየ፣ ስሕተቱ ግን ካለበት ንቅንቅ እንዳላለ ጽፈው መፍትሔ ጠይቀዋል።

ችግሩ የኮድ አጻጻፍ ስሕተት አይመስለኝም። እርስዎ ለምርጫው ያሳዩት ስሕተትን ብቻ ስለሆነ፣ ርዝመት ምንም ዋጋ አያስከፍልም። እንዲያውም ርዝመት ይጠቅማል፤ «ሀ × (ለ − ለ)» የሚል ቅርንጫፍ ውጤቱ ሁልጊዜ ዜሮ በመሆኑ፣ ማዳቀሉ (የሁለት ፕሮግራሞችን ቅርንጫፎች ማለዋወጥ) «ሀ»ን በሌላ ቢተካውም ልጁ እንደ ወላጁ ብቁ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው ማዳቀል ልጆችን የሚጎዳ እንደመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ፈት ኮድ የተሸከሙት ከጉዳቱ ያመልጡና ትውልዱን ይሞሉታል።

ጆን ኮዛ ዘዴውን በሰፊው ባስተዋወቁበት በ1992 እ.ኤ.አ. የዛፍ ጥልቀት (ከሥሩ እስከ ጫፉ ያሉት ደረጃዎች) ከ17 እንዳያልፍ ገድበው ነበር። ይሁን እንጂ ጥልቀቱ 17 የሆነ ዛፍ ከ100,000 በላይ አንጓዎች (የስሌት ምልክቶች፣ ተለዋዋጮችና ቁጥሮች) ሊይዝ ስለሚችል፣ ለእርስዎ ቀመር 7 ወይም 8 ይበቃል ባይ ነኝ። ገደቡን በማዳቀሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚውቴሽኑም (ቅርንጫፍን በዘፈቀደ በሚለውጠው እርምጃ) ላይ ያኑሩት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቀጥሎም ምርጫውን ሁለት ደረጃ ያድርጉት፦ መጀመሪያ በስሕተት ማነስ ያሸነፉ ሁለት ፕሮግራሞች እንደገና በመጠን ይወዳደሩ፣ ትንሹም በ0.7 ዕድል ይለፍ። መጠንን በማባዣ አባዝቶ በቀጥታ ከስሕተቱ ጋር መደመርን ግን አልመክርም፤ ማባዣው ጥቂት ከበዛ መላው የፕሮግራሞች ስብስብ ገና በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ወደ አንድ ቋሚ ቁጥር ይወርዳልና።

የማካፈል ተግባርዎንም ይመርምሩ። አካፋዩ ዜሮ ሲሆን 1 እንዲመልስ ተደርጎ ከተጻፈ፣ ፍሰቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቀመሩ በድንገት ይዘላል፤ በስልጠናው መረጃ ውስጥ እንዲህ ያለ ልኬት ከሌለ ደግሞ ጉድለቱ ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ ከልኬቶችዎ አንድ አምስተኛውን፣ ዝቅተኛ ፍሰት ያለባቸውን ጨምሮ፣ ከዝግመተ ለውጡ አውጥተው ለፍተሻ ያስቀምጡ። በመጨረሻ ያሸነፈውን ዛፍ አቃልለው ሲያነቡት፣ ግፊትና ፍሰት የተባዙበትን ቅርንጫፍ ይፈልጉ፤ ፓምፑ ለውሃው የሚሰጠው ኃይል የሁለቱ ብዜት ስለሆነ፣ ያ ቅርንጫፍ ከታጣ ቀመሩን ወደ ሥራ አያስገቡት።