ዳታ ከመሰረዛችሁ በፊት

ልጆች፣ ሰሞኑን ስለ ዳታ ማጽዳት (የሰው ጫጫታ የመሰለውን ከዳታው ስለመሰረዝ) የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ እስቲ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እኔ ፒኤችዲ የሰራሁት አውሮፓ ነው፣ ሬዲዮ አስትሮኖሚ፣ ስራዬም ሃይድሮክሲል የሚባለውን ሞለኪውል በ1612 ሜጋኸርዝ ማዳመጥ ነበር። ሊሞት የደረሰ ሽማግሌ ኮከብ ጋዝና አቧራ ይተፋል፣ አቧራው ብርሃኑን ውጦ ኢንፍራሬድ አድርጎ ይመልሰዋል፣ 35 ማይክሮን አካባቢ ያለው ኢንፍራሬድ ደሞ ሃይድሮክሲሉን ይቀሰቅሰውና እንደ ሌዘር አጉልቶ በሬዲዮ ይለቀዋል፣ ሜዘር የምንለው እሱን ነው። ፍሪኩዌንሲው ግራፍ ላይ ሲታይ ሁለት ቀንድ ያወጣል፣ አንዱ ወደኛ ከሚመጣው ጋዝ፣ አንዱ ከወዲያ ከሚሸሸው።

ችግሩ እዛው ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ሳተላይቶችም ይጮሃሉ። አንድ ሌሊት ቀጭን ሹል ፒክ አየሁ፣ ቀንዱ አንድ ብቻ፣ ሁለተኛው ኖይዝ ውስጥ ተደብቋል፣ እኔም እንቅልፌ መጥቷል መሰለኝ ሳተላይት ነው ብዬ ሰረዝኩት፣ ጥሬ ፋይሉንም ዲስክ ሞላ ብዬ አብሬ አጠፋሁት (አትሳቁ፣ ያኔ ዲስክ ውድ ነበር)። ከሶስት ወር በኋላ ሱፐርቫይዘሬ ማስታወሻዬን አይታ "እዚህ ቦታ ኢንፍራሬዱ ምን ይላል?" አለችኝ። በ1983 እ.ኤ.አ. ሰማዩን በኢንፍራሬድ የቃኘውን የአይራስ ሳተላይት ካታሎግ ስገልጥ ልክ እዛው ቦታ ላይ ቦግ ያለ ምንጭ ቁጭ ብሏል።

ኮከብ ነበር የሰረዝኩት!

እና እባካችሁ፣ ስትጠራጠሩ መጀመሪያ አንቴናውን ትንሽ ዞር አድርጉት፣ ኮከብ ከሆነ ይጠፋል፣ የሰው ጫጫታ ግን ብዙ ጊዜ እዛው ይቀራል። ከወራት በኋላም እዩት፣ ምድር ፀሐይን ስለምትዞር የኮከቡ ፍሪኩዌንሲ ትንሽ ይንሸራተታል። በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በርክሌይ ያሉት ተመራማሪዎች እኮ ከሃይድሮክሲል መስመሮች 1667 ሜጋኸርዝ ያለው መበርታት ሲገባው 1665 ያለው በርትቶ ነው ያገኙት፣ ቲዎሪው 1667ቱ በ1665ቱ ላይ 9 ለ 5 ይበልጣል ነው የሚለው፣ ግራ ቢገባቸው "ሚስቲሪየም" አሉት፣ ስም ሰጡት እንጂ አልሰረዙትም፣ በኋላ ሜዘር ሆኖ ተገኘ።

እኔ ግን እንደገና የቴሌስኮፕ ሰዓት እስካገኝ ስምንት ወር ጠበቅኩ። እነዚህ ኮከቦች ከአንድ አመት በላይ በሆነ ዑደት ይደምቃሉ ይደበዝዛሉ፣ ሜዘሩም አብሮ፣ የወዲያኛው ቀንድ ብርሃኑ ኮከቡን የከበበውን የጋዝና የአቧራ ቅርፊት አቋርጦ ስለሚመጣ በሳምንታት ይዘገያል፣ የቅርፊቱን ስፋት የምንለካው በዛች መዘግየት ነው። ስደርስ ፒኩ ግማሹ እንኳን አልቀረም። ቴሲሴ ላይ ያለው የኮከቡን መድመቅና መደብዘዝ የሚያሳየው ኩርባ ጫፉ ጋ፣ ያ የሰረዝኩት ሊገባበት የሚገባው ቦታ፣ ባዶ ነው፣ ፈታኙም መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለሱ ነው።