የመብራትና የጋዝ ቢሉ (ሂሳቡ) በማን ስም ነው? ቤት ማሞቅ ላቃታቸው አንባቢዎች የተሰጠ መልስ

ብርዱ ሲገባ ከእንግሊዝ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ቤት ማሞቅ አቃተን የሚሉ ናቸው። በዚያ አገር ይህ ችግር «ፊዩል ፖቨርቲ» ይባላል። አንድ ቤተሰብ በእንግሊዝ ከዚህ የሚቆጠረው ሁለት ነገር ሲገጥመው ነው፦ የቤቱ የኃይል ደረጃ (ኢፒሲ፤ ከምርጡ ኤ እስከ መጨረሻው ጂ ይሰጣል) ዲ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ የቤትና የኃይል ወጪው ተከፍሎ የሚተርፈው ገቢም ከድህነት ወለል በታች ሲወርድ። እርዳታውም ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ቢሉን ያቃልላል፣ ሌላው ቤቱን ያስተካክላል። ከሚጽፉልን ብዙዎቹ እርዳታው የቀረባቸው ስለማይገባቸው ሳይሆን ቢሉ በስማቸው ስላልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ሲመጣ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ስላላወቁ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሊድስ)፦ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው አነስተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) አገኛለሁ፤ ከሁለት ልጆቼ ጋር በግል ኪራይ ቤት እኖራለሁ። ጎረቤቴ 150 ፓውንድ የማሞቂያ ቅናሽ ደረሳት፣ ለእኔ ግን አልመጣም። የመብራቱ ቆጣሪ በቁልፍ፣ የጋዙ በካርድ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ነው። ሁለቱንም ያገኘኋቸው ቤቱን ስረከብ ከኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነው። 20 ፓውንድ ስሞላ ቆጣሪው ላይ የሚታየኝ 13 ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ የሁለቱም ችግር ሥር ያ ከመሳቢያ የተገኘ ቁልፍ ሳይሆን አይቀርም። ቁልፉና ካርዱ የቀድሞው ተከራይ ከሆኑ ዕዳውም አብሯቸው ይመጣል። ቆጣሪው በየሳምንቱ የእሱን ዕዳ ከእርስዎ ገንዘብ ይቆርጣል፤ መብራቱንና ጋዙን የሚያቀርበው ኩባንያም የሚያውቀው እሱን እንጂ እርስዎን አይደለም።

ዛሬውኑ የሁለቱን ቆጣሪዎች ንባብ ፎቶ ያንሱ፤ የቆጣሪው ተራ ቁጥር አብሮ ይታይ። የኪራይ ውሉን ይዘው ለኩባንያው ይደውሉና አራት ነገር ይጠይቁ፦ አካውንቱ ከገቡበት ቀን ጀምሮ በስምዎ እንዲከፈት፣ አዲስ ቁልፍና ካርድ እንዲላክልዎ፣ በቆጣሪው ላይ የተጫነው የሌላ ሰው ዕዳ እንዲነሳ፣ እስካሁን የተቆረጠብዎም እንዲመለስ። ያነጋገሩትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። አዲሱ ሲደርስ አሮጌውን ቁልፍ ዳግም ቆጣሪው ውስጥ አይክተቱት፤ ዕዳው ተመልሶ ሊጫን ይችላል። ኩባንያው በ8 ሳምንት ውስጥ መፍትሔ ካልሰጠ ጉዳዩን ኢነርጂ ኦምቡድስማን ወደሚባለው ቅሬታ ሰሚ ይውሰዱት። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ እርስዎ ውሳኔውን ከተቀበሉት ኩባንያው የመፈጸም ግዴታ አለበት።

ቅናሹ ዋርም ሆም ዲስካውንት ይባላል። ቀድሞ ቤቱ ለማሞቅ ውድ መሆኑ ይመዘን ነበር። ከ2025–26 የብርድ ወራት ጀምሮ ግን ይህ ቀርቶ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ሃውሲንግ ቤኔፊት፣ ፔንሽን ክሬዲትና መሰል በገቢ የሚመዘኑ ድጎማዎችን ለሚያገኝ ሁሉ ሆኗል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ በተወሰነችው አንዲት ቀን የመብራት ቢሉ በእርስዎ ወይም በትዳር አጋርዎ ስም መሆን አለበት። ለ2025–26 ያቺ ቀን ኦገስት 24፣ 2025 ነበረች፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም ኦገስት ላይ ስትውል ቆይታለች። በሴፕቴምበር ስሙን ያዞረ ሰው ያን ዓመት አያገኝም። ስለዚህ የስሙን ጉዳይ ለብርዱ አያቆዩት። በቁልፍ ለሚሞላ ቆጣሪ ኩባንያው ብዙውን ጊዜ የሚልከው ቫውቸር ነው። የማብቂያ ቀን ስላለው ፖስታውን እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አይጣሉት።

ቢሉ በአከራዩ ስም ሆኖ እርስዎ ለእሱ የሚከፍሉ ቢሆን ኖሮ ቅናሹ አይመጣልዎትም ነበር። ያም ሆኖ አከራይ ለኩባንያው ከሚከፍለው ዋጋ በላይ ተከራዩን ማስከፈል አይፈቀድለትም፤ ቢሉን አሳየኝ ማለት ይቻላል።

ስለ ጋዝ ካርድ አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ቤት የሚጎዳው እሱ ነው። የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ጋዝ ባይነኩም የቀኑ ቋሚ ክፍያ ይቆጠራል። በቀን 30 ፔንስ ቢሆን በ150 ቀን 45 ፓውንድ ነው። በኦክቶበር የመጀመሪያውን 20 ሲሞሉ ገንዘቡ ለዚያ ዕዳ ይሄድና ራዲያተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። መፍትሔው በሙቀቱም ወራት በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ፓውንድ መሙላት ነው። ገንዘብ አልቆ ቤቱ ከጨለመ ደግሞ ዝም አይበሉ። ለኩባንያው ደውለው ትንንሽ ልጆች እንዳሉ ይንገሩ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ቆጣሪው ከሚያበድረው ድንገተኛ ክሬዲት ሌላ ተጨማሪ ክሬዲት ሊሰጥ ይችላል።

ጥያቄ (ከበርሚንግሃም)፦ ሁለት ሰዎች በር አንኳኩተው «መንግሥት የግድግዳ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግድ ልባስ) በነጻ ይሠራላችኋል፤ ዛሬ ካልፈረማችሁ ያልፋችኋል» አሉን። ቤቱ የራሳችን ነው፣ በ1910 አካባቢ የተሠራ የጡብ ቤት። የቤተሰቡ የዓመት ገቢ 31,000 ፓውንድ ነው። እንፈርም?

መልስ፦ አይፈርሙ። እርዳታው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ፈርሙ የሚል ሰው ግን ቤትዎን ሳይመረምር ሥራ ሊጀምር ነው የመጣው።

ምክንያታችን ይህ ነው። የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በሁለት የመንግሥት መርሐ ግብሮች ከተሠሩት የውጭ ግድግዳ ኢንሱሌሽኖች 98 በመቶው መታረም ያለበት ከባድ ጉድለት አለባቸው። በውስጥ በኩል ከተሠሩት ደግሞ 29 በመቶው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ሊያስደነግጥም ይገባል፣ በእርጥበት የተበላሸው የሰው ቤት ነውና።

ጉድለቱ እንዴት ይመጣል? በውጭ በኩል 100 ሚሊሜትር ያህል ልባስ ሲለጠፍ ግድግዳው ወደ ውጭ ይወፍራል። የጣሪያው ክፍክፍና የመስኮቱ ደፍ አብረው ካልረዘሙ ዝናቡ ከልባሱ ጀርባ ይገባል፤ ገብቶም መውጫ የለውም። የጋዝ ቆጣሪው ሳጥንና ቧንቧዎቹ ሳይነሱ ዙሪያቸው ብቻ ከተለበሰ፣ ያ ሳይለበስ የቀረው ቦታ በውስጥ በኩል ቀዝቅዞ ሻጋታ ያበቅላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከወለሉ በታች ያሉትን የአየር ማስገቢያ ጡቦች መሸፈን ነው፤ የወለሉ እንጨት ከሥር ይበሰብሳል።

የእርስዎ ቤት በዕድሜው መሐል ክፍተት የሌለው ግድግዳ ሳይሆን አይቀርም። በበር ወይም በመስኮት በኩል የግድግዳውን ውፍረት ይለኩ፤ ከ260 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ክፍተት የለውም ማለት ነው። ጡቦቹንም ይመልከቱ፤ ረጅሙ ጎንና አጭሩ ጎን እየተፈራረቁ ከተደረደሩ ያው ነው። እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ቀዳዳ በስቶ መሙላት አይቻልም፤ «ነፍተን እንሞላዋለን» የሚል ካለ ያሰናብቱት።

ትክክለኛው መንገድ በካውንስል (በአካባቢው አስተዳደር) በኩል ነው። ዋርም ሆምስ ሎካል ግራንት የሚባለው እርዳታ በእንግሊዝ በ2025 ተጀምሯል። የኢፒሲ ደረጃቸው ከዲ እስከ ጂ ለሆኑና ባለቤት ወይም የግል ተከራይ ለሚኖርባቸው ቤቶች ነው፤ የገቢ ጣሪያው በአጠቃላይ 36,000 ፓውንድ ስለሆነ እርስዎ ከዚያ በታች ነዎት። ለኢንሱሌሽንና ለመሳሰለው እስከ 15,000፣ ንጹሕ ማሞቂያ ለመግጠም ሌላ እስከ 15,000 ፓውንድ ሊወጣ ይችላል። ማመልከቻው በመንግሥቱ ድረ ገጽ ይጀመርና ወደ ካውንስልዎ ይሄዳል። ተከራይ የሆናችሁም አከራያችሁን ጠይቁ፤ ለመጀመሪያው ቤቱ ምንም ላይከፍል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ግማሹን ያዋጣል።

ሥራው ሲመጣ መጀመሪያ ገምጋሚ እያንዳንዱን ክፍል ዞሮ ማየት አለበት። በ10 ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ ግምገማ አይደለም። ከዚያ ሬትሮፊት ኮኦርዲኔተር የሚባለው ባለሙያ ዕቅድ ያወጣል። ሁለቱንም በስም ይጠይቁ፤ ገጣሚው ትረስትማርክ በሚባለው፣ መንግሥት በሚደግፈው የባለሙያዎች መዝገብ መኖሩንም ራስዎ ያረጋግጡ። ያፈሰሰ አሸንዳና የተሰነጠቀ የጡብ መጋጠሚያ ቀድመው ይጠገኑ፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ልባስ መለጠፍ እርጥበቱን ማሰር ነው። የአየር መውጫም አብሮ ይገጠም። የመታጠቢያ ቤት ፋን ቢያንስ በሰከንድ 15 ሊትር አየር ማውጣት አለበት፤ አንድ ስስ ሶፍት ወረቀት ሲያስጠጉት ይዞ ካላስቀረው አይሠራም ብለው ይጻፉ። ከውስጥ በሮች ሥር 10 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል። በኋላ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፈው አይድፈኑት።

ከግድግዳው በፊት ግን የጣሪያው ኢንሱሌሽን እንዲሠራ ይጠይቁ፤ ርካሹና በቶሎ የሚክሰው እሱ ነው። ልኩ 270 ሚሊሜትር የማዕድን ሱፍ ነው፦ 100ው በኮርኒሱ ተሸካሚ እንጨቶች መሐል፣ 170ው በላያቸው በአግድም። በክፍክፉ በኩል አየር እንዲያልፍ 50 ሚሊሜትር ያህል ይተዉ። ሱፉን እስከ ጥግ ጠቅጥቆ መሙላት የተለመደ ስህተት ነው፤ የጣሪያው እንጨት በጠል ይርሳል። ጣሪያው ሥር የውሃ ታንከር ካለ ከሥሩ አይለበስም፣ ከጎንና ከላይ ብቻ። ወደ ጣሪያው ሥር የሚያስወጣው ቀዳዳ ክዳንም ይለበስ። በጣሪያ ላይ የሚረጭ አረፋ ግን አይቀበሉ፤ እንጨቱ መበስበሱን ማየት ስለማይቻል ብዙ ባንኮች ለእንዲህ ያለ ቤት ብድር አይሰጡም።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የ81 ዓመት እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ቢሉ በእኔ ስም ነው። ለእሷ የሚገባት ነገር አለ?

መልስ፦ ዊንተር ፊዩል ፔይመንት (ለአረጋውያን የሚሰጥ የብርድ ወራት ማሞቂያ ገንዘብ) በቢል ስም አይወሰንም። 80 ዓመት ለሞላው እስከ 300 ፓውንድ ነው፤ የራሳቸው የዓመት ገቢ ከ35,000 ፓውንድ ካለፈ ግን በግብር በኩል ተመልሶ ይወሰዳል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ፔንሽን ክሬዲት ያመልክቱላቸው፤ እስከ 3 ወር ወደ ኋላ ሊቆጠር ይችላል፣ በስልክም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የ150ው ቅናሽ ግን ቢሉ በእርስዎ ስም እስካለ ድረስ በእሳቸው በኩል አይመጣም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እናትዎ የመጡት እርስዎ የድጋፍ ቃል ፈርመውላቸው ከሆነና 5 ዓመት ካልሞላ፣ ምንም ከማመልከትዎ በፊት የኢሚግሬሽን አማካሪ ያነጋግሩ።

ጥያቄ (ከማንቸስተር)፦ በሃውሲንግ አሶሴሽን (ቤት በዝቅተኛ ኪራይ የሚያከራይ ድርጅት) ቤት እንኖራለን። የልጆቹ መኝታ ክፍል ጥግ በሙሉ ጠቁሯል። ስንናገር «እናንተ ብዙ ስለምታበስሉና ልብስ ቤት ውስጥ ስለምታሰጡ ነው» ይሉናል።

መልስ፦ ይህን መልስ አሜን ብላችሁ አትቀበሉ። በዲሴምበር 2020 በሮችዴል የ2 ዓመቱ አዋብ ኢሻቅ፣ ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ፣ በቤቱ ሻጋታ ምክንያት ሞተ። የእሱም ወላጆች ጥፋቱ በአኗኗራቸው ተሳቦባቸው ነበር። በስሙ የወጣው ሕግ በእንግሊዝ ከኦክቶበር 27፣ 2025 ጀምሮ በካውንስልና በሃውሲንግ አሶሴሽን ቤቶች ይሠራል፦ ድንገተኛ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ አጣርተው ከአደጋ ነጻ ያደርጋሉ። ለጤና የሚያሰጋ እርጥበትና ሻጋታ ከሆነ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይመረምራሉ፣ ምርመራው ካለቀ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ውጤቱን በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ቤቱን ከአደጋ ነጻ ያደርጋሉ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ሌላ ማረፊያ ማቅረብ አለባቸው።

ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው እነሱ ካወቁ ጀምሮ ስለሆነ በስልክ ብቻ አትናገሩ፤ በኢሜይል ጻፉ። ማስመሪያ ከሻጋታው አጠገብ ይዛችሁ ፎቶ አንሱ፣ በሳምንቱም እዚያው ቦታ ድገሙ። ልጆቹ አስም ካለባቸው በግልጽ ጻፉት። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ጠዋትና ማታ የሚያሳየውን መዝግቡ።

በእናንተ በኩል የሚቻለውንም አድርጉ፤ ነገ «አላደረጋችሁም» እንዳይባል። እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ወደ ቀዝቃዛው መኝታ ቤት ሄዶ ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ የኩሽናው በር ይዘጋ፣ መስኮቱ ገርበብ ይበል፣ ፋኑ ጋግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላም 20 ደቂቃ ይሥራ። ቁም ሳጥኑን ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። ሻጋታውን በደረቁ አትፈግፍጉ፤ ዱቄቱ ይበናል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ጣሉት።

ጥያቄ (ከኮቨንትሪ)፦ ያለ ምንም ወጪ ጋዝ የሚቀንስ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ኮምቢ ቦይለር (ያለ ታንከር ውሃውን በቀጥታ የሚያሞቅ የጋዝ ማሞቂያ) ካላችሁ ወደ ራዲያተር የሚሄደው ውሃ ሙቀት ብዙ ጊዜ 75 ወይም 80 ዲግሪ ላይ ተትቶ ይገኛል። ተመልሶ የሚመጣው ውሃ ከ55 በታች ካልሆነ ቦይለሩ ከጭሱ ሙቀቱን መልሶ መሰብሰብ አይችልም። የራዲያተር ምልክት ያለበትን መዘውር ወደ 60 ዝቅ አድርጉት። ክፍሉ ለመሞቅ ትንሽ ይዘገያል፤ በጣም ከዘገየ በ5 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። የቧንቧ ምልክት ያለበትን አትንኩ፣ እሱ የመታጠቢያው ነው። ቤታችሁ የሙቅ ውሃ ታንከር ካለው ግን ይህን አታድርጉ፤ በታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ ካልደረሰ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል።