ያቪን ወይስ ኤንዶር? ለደካማው ወገን የቱ ይሻል ነበር

እሑድ ዕለት ደብረ ብርሃን ላይ ሁለቱን ፊልሞች አከታትለን ካየን በኋላ ከሁለቱ ውጊያዎች ለደካማው ወገን የቱ ይቀል ነበር የሚለው ክርክር አላልቅ ስላለ፣ «ጥያቄያችሁን ጻፉ፣ እመልሳለሁ» ብዬ ነበር። ጻፉ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የማወራው ስለ ሁለት የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ብቻ ነው። የያቪን ውጊያ ያለበት እ.ኤ.አ. በ1977፣ የኤንዶር ውጊያ ያለበት ደግሞ በ1983 ነው የወጡት። ከልቦለድ፣ ከኮምፒውተር ጨዋታና ከኋላ ከመጡ ፊልሞች የሰማችሁትን አታምጡብኝ። ሁለተኛ፣ ማን እንዳሸነፈ ሁላችንም እናውቃለን። የምንመዝነው ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ደካማው ወገን፣ ማለትም በኢምፓየሩ ላይ የተነሡት ዓማፅያን፣ ምን ያህል ተስፋ እንደነበራቸው ነው። ውጤቱን አይታችሁ ወደኋላ አትፍረዱ።

ከደብረ ሲና፦ ጤና ይስጥልኝ ሻምበል። በአንድ ቃል ይንገሩን፣ የቱ ይቀል ነበር?

መልስ፦ ያቪን።

ከሸዋ ሮቢት፦ ያቪን እንዴት ይቀላል? እዚያ ሠላሳ ትንንሽ አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩ። ኤንዶር ላይ ግን ዓማፅያኑ ትልልቅ የጦር መርከቦች ይዘው ነበር የመጡት።

መልስ፦ ብዛት የሚለካው ከተሰጠው ሥራ ጋር ነው። ያቪን ላይ ሥራው አንድ ነበር፤ የሞት ኮከብ በሚባለው የኢምፓየሩ ግዙፍ የጦር ጣቢያ ላይ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ባለው የሙቀት ማስወጫ ቀዳዳ ቶርፔዶ ማስገባት። ቀዳዳው በቀጥታ የጣቢያው ኃይል ማመንጫ እስከሆነው ሪአክተር ድረስ ይወርዳል። የሞት ኮከቡ መከላከያ የተሰናዳው በከባድ መርከቦች ለሚመጣ ሰፊ ጥቃት እንደሆነ፣ አንድ ሰው የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ግን ሾልካ ልትገባ እንደምትችል በገለጻው ላይ ለአብራሪዎቹ ተነግሯቸዋል። ትልቅ መርከብ ቢኖራቸው ምን ያደርጉበት ነበር?

ኤንዶር ላይ ሥራው ሦስት ነበር፣ ያውም አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ። ጫካ የገባው ቡድን ገና በግንባታ ላይ ያለውን ሁለተኛውን የሞት ኮከብ የሚጠብቀውን ጋሻ ማመንጫ ማፈንዳት አለበት። እስኪያፈነዳ ድረስ መርከቦቹ ሳያልቁ መቆየት አለባቸው። ከዚያ አውሮፕላኖቹ ያላለቀው ግንባታ ሆድ ውስጥ ገብተው፣ ሪአክተሩን መትተው መውጣት አለባቸው። አንዱ ከከሸፈ ሁሉም ከሸፈ። ለእያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ዕድል ብትሰጠው እንኳ የሦስቱ ብዜት ከስምንት አንድ ነው። ግማሽ በግማሹም ከእኔ ቸርነት ነው።

የሒሳብ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን፦ ለኤንዶር ካሰሉ ለያቪንም ያስሉልን እንጂ። አንዱን በቁጥር፣ ሌላውን በወሬ መመዘን አይሆንም።

መልስ፦ ልክ ነሽ። ጥቃቱ ወደ ቀዳዳው በሚወስደው ቦይ ውስጥ የሚደረገው በሦስት በሦስት አውሮፕላን ነው። ሠላሳውን ለሦስት ስታካፍይ አሥር ዙር ይሆናል። እያንዳንዱ ዙር ከአሥር አንድ ብቻ የመምታት ዕድል አለው እንበል፤ ይህ ግምት የእኔ ነው። አሥሩም ዙር ሳይመታ የመቅረቱ ዕድል ሠላሳ አምስት በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ የመምታቱ ዕድል ስድሳ አምስት በመቶ ይሆናል። አሁን ከዚህ ላይ ቀንሺ። ሁሉም አውሮፕላን ቦዩ ውስጥ አይገባም፣ አንዳንዱ ከላይ ሆኖ መድፎቹን ያዘናጋል። ሰዓትም አለ፤ የሞት ኮከቡ ፕላኔቷን ዞሮ የዓማፅያኑን ሰፈር ፊት ለፊት ለማግኘት የቀረው ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነበር። ፊልሙ ላይ የምናየው ሦስት ዙር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳይተኩሱ ከኋላ ተመቱ፣ ሁለተኛው ተኩሶ ሳተ፣ ሦስተኛው የፊልሙ ጀግና ሉክ ነው። በሦስት ዙር ብቻ ብናሰላው ሃያ ሰባት በመቶ ይወጣል። ከአራት አንድ ይበልጣል። ለደካማ ወገን ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

የሒሳብ መምህርት፦ ሦስቱ ዙሮች ግን እርስ በርሳቸው ነጻ አይደሉም። የኋለኛው ከፊተኛው ስሕተት ይማራል፣ ጠላትም ይማራል።

መልስ፦ ይህንን እቀበላለሁ። ጠላት በፍጥነት ነው የተማረው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ ቬደር ራሱ ወጥቶ ከኋላቸው መጣ።

ከአንኮበር፦ ለምን በቦዩ ርዝመት ሁሉ እየተተኮሰባቸው መጡ? ከሰማይ ቀጥ ብለው ወርደው ቀዳዳው ላይ ቢጥሉትስ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሳይመጣ ቢቀር አዝን ነበር። ዕድሜዬን በመድፈኛነት ስለፈጀሁ እንደ መድፈኛ ልመልስ።

አንድን ዒላማ ለመምታት ሁለት ነገር ማወቅ አለብህ፤ አቅጣጫና ርቀት። ጀማሪ መድፈኛ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያስተካክል ሲሞክር ጥይቱ አንዴ ወደ ግራ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ቀኝ ወደ ኋላ ይበተንበታል። ልምድ ያለው አንዱን ቆልፎ ሌላውን ያርማል። ቦዩ ለአብራሪው የሚያደርግለት ይህንኑ ነው። ግራና ቀኙ ግድግዳ ስለሆነ አቅጣጫው ተቆልፏል፤ ቀዳዳው በቦዩ መጨረሻ፣ በዚያው መስመር ላይ ነው። የሚቀረው ርቀት ብቻ ነው፣ ማለትም «መቼ ልልቀቀው?» የሚለው። ያ የማነጣጠሪያ ኮምፒውተር የሚቆጥረውም ይህንን ርቀት ነው። ከሰማይ የሚወርድ ሰው ግን ሁለቱም ክፍት ሆነውበት፣ በየአቅጣጫው ባሉ መድፎች ፊት ተጋልጦ ይወርዳል።

ሁለተኛውን ዙር የመራው የቀዩ ቡድን አዛዥ ሲስት ልብ ብላችሁ እዩ። ቶርፔዶው በግራ በቀኝ አልሳተም። ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሶ ላዩ ላይ ፈነዳ፤ እሱም አልገባም፣ ላዩን ብቻ ነው የነካው ይላል። የርቀት ስሕተት ነው፣ ያውም የቅጽበት። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚታረም ስሕተት ነው።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ዙር መሐል ላይ መድፎቹ ድንገት ዝም ይላሉ። ዝም ያሉት የራሳቸው አውሮፕላኖች ቦዩ ውስጥ ስለገቡ ነው። አብራሪዎቹ ዝምታውን ሲሰሙ ወዲያው ኋላቸውን ማየት ይጀምራሉ። ያንን ትዕይንት ያሰበው ሰው ውጊያ ይገባዋል።

ሾፌሩ፣ ከጣርማ በር መንገድ፦ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የዋሻው አፍ አጠገቤ እስክደርስ አይታየኝም፣ በልማድ ነው የምገባው። ሉክ ኮምፒውተሩን ዘግቶ የመታው እንደዚያ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ሉክን መራው ስለሚባለው ስለዚያ ረቂቅ «ኃይል» አትጠይቁኝ፣ መድፈኛ እንጂ ባሕታዊ አይደለሁም። በዕቅድ ውስጥ የማይገባ ነገር በሚዛን አይገባም። በመጨረሻ ሰዓት ተመልሶ ሉክን ከቬደር ያዳነው የሃን ሶሎ መምጣትም እንደዚያው ነው፤ ገንዘቡን ይዞ የሄደ ሰው ይመለሳል ብሎ ያቀደ አዛዥ አልነበረም።

ከመሐል ሜዳ፦ ጉሙ ግን የሚብሰው ከዋሻው ወዲህ በደብረ ብርሃን በኩል ነው፣ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ይገለጣል።

ሾፌሩ፦ አንተ በዓመት ስንት ጊዜ ታልፋለህ? ነሐሴ ላይ ቁልቁለቱ ሁሉ ጉም ነው።

ከደብረ ሲና፦ እዚህ ተወልጄ ነው የምነግራችሁ፣ ሾፌሩ ልክ ነው።

መልስ፦ የጣርማ በርን ጉም ለሌላ ቀን አቆዩት።

ከሰላ ድንጋይ፦ የዓማፅያኑ ልዕልት ሊያ ከሞት ኮከቡ ሲያመልጡ ጠላት ሆን ብሎ እንደለቀቃቸው ገብቷት ነበር። እየተከተሉን ነው ብላ እየተናገረች እንዴት ቀጥ ብላ ወደ ሰፈሩ ትመራቸዋለች? ይህ ያቪንን አያከብደውም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዋናው ነገሬም እዚሁ ላይ ነው። በሁለቱም ውጊያዎች ውስጥ «መረጃው የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያቪን ላይ የሞት ኮከቡ ንድፍ በዓማፅያኑ እጅ ነበር። ኢምፓየሩ ንድፉ መሰረቁን ያውቃል፣ ቀዳዳውን ግን አያውቅም፤ ያወቀው ጥቃቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። አንድ መኮንን ወደ ጣቢያው አዛዥ ወደ ታርኪን መጥቶ አደጋ አለ፣ መርከብዎ ይዘጋጅ ወይ ሲለው ታርኪን በድላችን ሰዓት እንዴት እንሸሻለን ብሎ መለሰው። እንግዲህ ሊያ ጠላትን ወደ ቤቷ መራች ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ዒላማው በእግሩ መጣላቸው እላለሁ። ሰፈራቸውን አደጋ ላይ ጥለውታል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከጠላት በላይ የሚያውቁበት ውጊያ ነበር።

ኤንዶር ላይ ሁሉም ተገልብጧል። የጣቢያውን ቦታ፣ የጋሻውን ማመንጫ፣ የጣቢያው መሣሪያ አልተጠናቀቀም የሚለውን ወሬ እንዲያገኙ ያደረገው ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ነው። መሣሪያው ይሠራ ነበር። ጫካው ውስጥ ምርጥ ወታደሮቹን አስቀምጦ፣ መርከቦቹን ደብቆ ጠበቃቸው። ያ መረጃ ብዙ ሰው ሞቶበታል፣ ተብሏልም። ሰው የሞተበት መረጃ ግን ለዚያ ብሎ እውነት አይሆንም። የዓማፅያኑ አዛዦች «ይህ ነገር እንዴት እንዲህ ተሟልቶ ደረሰን?» ብለው ሲጠይቁ ፊልሙ ላይ አላየሁም። የዓማፅያኑ መርከቦች አዛዥ አድሚራል አክባር ወጥመድ መሆኑን የጮኸው ወጥመዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ዓማፅያኑ ኤንዶር ላይ የተሸነፉት ያን ጊዜ ነበር።

ከሸዋ ሮቢት፦ ተሸነፈ ይላሉ፣ ግን አሸነፉ እኮ።

መልስ፦ ውጤቱን አይታችሁ አትፍረዱ ብያለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ኤንዶርን ያዳነው ቬደር ነው። ልጁን ሉክን ለማዳን ሲል ንጉሠ ነገሥቱን ባይጥለው ሁሉም ባለቀ ነበር።

መልስ፦ አይደለም። ቬደር ንጉሠ ነገሥቱን ጣለውም አልጣለውም የዓማፅያኑን አውሮፕላኖች የመራው ላንዶና ጓደኞቹ ሪአክተሩን መትተውታል፣ ጣቢያውም ፈንድቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ያለው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ነው። ቬደር ያዳነው ሉክን ነው። ውጊያውን አላዳነም።

ከመሐል ሜዳ፦ ይህማ ልብ የለሽ ንግግር ነው። የፊልሙ ሁሉ ነገር የእሱ ንስሐ ነው።

ከአንኮበር፦ ንስሐ ለነፍሱ እንጂ ለመርከቦቹ ምን ይጠቅማል? ሻምበል ልክ ናቸው።

ከደብረ ሲና፦ ያን ሁሉ ሕዝብ ፈጅቶ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ገፍቶ ቢጥል ንስሐ ይባላል? ቀኖናውን መቼ ፈጸመው?

ከመሐል ሜዳ፦ በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴስ መቼ ፈጸመ?

መልስ፦ ይህንን ለአባቶች አቅርቡት። ቀጥሉ።

ከዓለም ከተማ፦ ታዲያ ከተሸነፉ በኋላ እንዴት ወጡት?

መልስ፦ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የንጉሠ ነገሥቱ ትዕዛዝ ነው። መርከቦቹ እንዳይመቱ፣ እንዳያመልጡ መንገድ ብቻ እንዲዘጉ አዘዘ። ሉክ በመስኮት እያየ ተስፋ እንዲቆርጥ ፈልጎ ነው። የያዘውን ድል ለትዕይንት አቆየው።

ሁለተኛው የላንዶ ነው፣ ለዚህ ሰው ባርኔጣዬን አነሣለሁ። የጣቢያው ትልቁ መሣሪያ መርከቦቻቸውን አንድ በአንድ ሲያጠፋ አክባር ሊያፈገፍግ ነበር። ላንዶ አይሆንም፣ ወደ ጠላት መርከቦች እንጠጋ አለ። አክባር በዚያ ርቀት ብዙ አንቆይም ሲለው፣ ከጣቢያው ፊት ከምንቆየው ይረዝማል ብሎ መለሰለት። ከከባድ መሣሪያ ለማምለጥ ከሚሸሽ ይልቅ ጠላትን የሚጠጋ ይድናል። ከተቃቀፋችሁ ማን ላይ ይተኩሳል? መድፈኛ እንዲህ ያለ ጠላት ሲገጥመው እጁ ታሰረ ማለት ነው፤ አጉሊ መነጽሩ ውስጥ ዒላማውም ወገኑም አንድ ላይ ናቸው፣ ስልኩ ላይ አዛዡ ይጮኻል፣ መተኮስ ግን አይችልም። ላንዶ ያን ዕለት ያገኘው ድል አልነበረም፤ ያገኘው ደቂቃ ነው፣ ጫካው ውስጥ ላሉት።

ከሰላ ድንጋይ፦ ጫካው ውስጥ ያሉት ኢዎኮች፣ እነዚያ ዓማፅያኑን የረዱት ትንንሽ ጸጉራም ፍጥረታትስ? በድንጋይና በግንድ ያንን ሠራዊት ማሸነፍ ያሳምናል?

መልስ፦ ግማሹ ያሳምናል። ግንድ በገደል ለቅቀው ባለ ሁለት እግሩን ማሽን መጣላቸው አገራቸውን ስለሚያውቁ ነው። ቀስታቸው ያንን ጥሩር መብሳቱ አያሳምንም።

ከመሐል ሜዳ፦ የእኛ የመንዝ አርበኞችም ከጣሊያን ጋር እንዲሁ አልነበሩም? ያወዳድሩልን እስቲ።

መልስ፦ አላወዳድርም። ዘረት ዋሻ ውስጥ በመርዝ ጋዝ ያለቁትን ሰዎች ከፊልም ጨዋታ ጋር አልደባልቅም።

ከሸዋ ሮቢት፦ አድዋስ? አድዋም የደካማ ወገን ድል ነው።

የሒሳብ መምህርት፦ በመሣሪያ ይሁን፤ በቁጥር ግን አይደለም። የምኒልክ ጦር መቶ ሺህ ገደማ ሲሆን የባራቲየሪ ከሃያ ሺህ በታች ነበር።

ከሸዋ ሮቢት፦ ታዲያ ደካማ አልነበርንም ልትዪ ነው?

የሒሳብ መምህርት፦ ቁጥሩን ነው ያልኩት።

መልስ፦ ከጉዳያችን ጋር የሚገናኘው አንድ ነገር ብቻ ልናገርና ይብቃ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጋት ላይ የጣሊያኑ የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከወገኖቹ ተነጥሎ ርቆ የሄደው የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ በተሳሳተ ቦታ ያስቀመጠ ንድፍ ይዞ ነው። መረጃው የማን ነበር? ኤንዶር ላይ እንደ አልቤርቶኔ የሄዱት ዓማፅያኑ ናቸው።

ከደብረ ሲና፦ በኋላ በ2016 የወጣው ፊልም ላይ የሪአክተሩን ድክመት መሐንዲሱ ሆን ብሎ ነው የሠራው ተብሏል። ይህ ያቪንን አያቀልለውም?

መልስ፦ ከኋላ የመጡ ፊልሞችን አታምጡብኝ ብዬ ነበር። ያም ቢሆን ቀዳዳው ሁለት ሜትር ነው፤ ድክመቱ ሆን ተብሎም ይሠራ በስሕተት፣ ቀዳዳው አይሰፋም።

ከአንኮበር፦ እርስዎ በታርኪን ቦታ ቢሆኑ ኖሮስ?

መልስ፦ አልሸሽም ነበር። በዚህ ታርኪንን አልወቅሰውም፤ አዛዥ በየማስጠንቀቂያው ጣቢያ አይለቅም። የምወቅሰው በሌላ ነው። ያን የሚያህል ጣቢያ ይዞ ያወጣቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱንም ያስወጣቸው ቬደር ነው። እኔ ብሆን መኮንኑ አደጋ አለ ባለኝ ደቂቃ አውሮፕላኖቹን በሙሉ አስነሥቼ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ እንዲያንዣብቡ አደርግ ነበር። ቦዩን ማሳደድ አያስፈልግም፣ ሁሉም የሚመጣው ወደዚያችው ነጥብ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ እንደዚያ ቢያደርግ የያቪን ዕድል ስንት ይሆን ነበር?

መልስ፦ መምህርቷን ጠይቅ። እኔ ከኤንዶር በታች ይወርዳል እላለሁ።