ለጆሮ የሚሆን ቅዳሜና እሑድ

ጥያቄ፦ ባንክ ውስጥ ስለምሠራ ዕረፍት የማገኘው ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ጎጃም ተወልዳ ያደገች ስትሆን ዕድሜዋ 74 ዓመት ነው፤ ዓይኗ ስለደከመ ማንበብም ሆነ ቴሌቪዥን መከታተል አትችልም። እኔ ስልኬን ስነካካ እሷ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ እሑድ ማታ ሲደርስም ሁለቱ ቀናት በከንቱ ማለፋቸው ይቆጨኛል። አብረን የምንካፈለው መጽሐፍ፣ ሙዚቃና ፊልም፣ ቢቻልም ራሳችን የምንሠራው ነገር ቢጠቁሙኝ?

መልስ፦ መጽሐፉ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሁን። እርስዎ ቀድሞ አንብበውት ይሆናል፤ ለእናትዎ ድምፅዎን አሰምተው ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ በመሆናቸው፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ የባላገሩን ንግግርና የባላባቱን ኩራት ከነለዛው ይዟል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ቅጂ ዛሬም ስለሚገኝ ጉሮሮዎ ሲደክም እሱን መክፈት ይችላሉ። እኔ ግን የእርስዎን ንባብ አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም እናትዎ «ቆይ እስቲ፣ በእኛ አገር እንዲህ አይባልም» ብለው ሲያቋርጡ መጽሐፉን አጥፈው ሊያዳምጧቸው ይችላሉ፤ ተራኪው ግን አይጠብቅም። ማንኩሳ ላይ ከሚጀምረው፣ የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ከሆነው ከበዛብህ ወላጆች ታሪክ ይነሡ፣ በአንድ ጊዜም ከግማሽ ሰዓት አያሳልፉ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አያልቅም፣ እንዲያልቅም አልመክርም። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ጋር የሚጣሉበት ክፍል ላይ ስትደርሱ ሁለታችሁም መሳቃችሁ አይቀርም።

ለእሑድ ጠዋት፣ እናትዎ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቡናው ሲቆላ፣ የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ይክፈቱላቸው። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ የተማሩ፣ ኋላም ግሸን ማርያም ገብተው የመነኮሱ፣ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉ እናት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 21ኛ ሆኖ የወጣው አልበማቸው ለመጀመር ይበቃል። መሣሪያው የፈረንጅ ቢሆንም በጣቶቻቸው ሥር ትዝታና የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይሰማል። ግጥም የሌለው በመሆኑም ወሬያችሁን አያቋርጥም።

ፊልሙን በተመለከተ አብሮ የሚታይ ልመርጥላችሁ አልቻልኩም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ ሥራ ሲሆን፣ ጀርመን ተምሮ እናቱ ወዳሉበት መንደር ስለሚመለስ ሐኪም ይተርካል። ነገር ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ የሚነገሩ ክፍሎችም ስላሉት በጆሮ ብቻ ለሚከታተል ሰው አድካሚ ነው። እናትዎ ከተኙ በኋላ ለብቻዎ ይዩት።

ራሳችሁ የምትሠሩትን ከዚያው ከሚያስጠላዎት ስልክ ታገኙታላችሁ። የድምፅ መቅጃውን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩትና እናትዎን ያነጋግሯቸው። «የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ» ቢሏቸው ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዝም ይላሉ፤ ወፍጮ ሲፈጭ ምን ይንጎራጎር እንደነበር፣ ሠርጋቸው ላይ ማን እንዳለቀሰ፣ ተረቱን የሚነግራቸው ማን እንደነበር ቢጠይቋቸው ግን ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አያቆሙም። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ውስጥ አንድ ገጽ ያህሉን ወደ ጽሑፍ ይገልብጡ፤ ሲገለብጡም የአገራቸውን አነጋገር ወደ አዲስ አበባ አማርኛ አያርሙት፣ የደጋገሙትንም አይቁረጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልብ ወለዱን ከመክፈትዎ በፊት ይህን ገጽ ያንብቡላቸው፤ የጎደለውን እሳቸው ይሞሉታል።