ዳገት ላይ የምትግለው ኮሮላ

ጥያቄ፦ አባቴ በ1990 ዓ.ም. የገዟት ኮሮላ 380 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከተማ ውስጥ ደኅና ናት፤ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስንወጣ ግን የሙቀት መርፌው ቀዩን ይነካል። መካኒኩ ሞተሩ ይቀየር ይላል። ምን ይሻላል? (አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እህቴ፣ ሞተሩን ከማስነካትዎ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ያስመርምሩ። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 አካባቢ። ክዳኑ ግፊቱን አምቆ መፍላቱን ያዘገያል፤ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ከተሰነጠቀ አለቀ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቴስታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) አስወርጄ ሁለት ሳምንት ከደከምኩ በኋላ ጥፋቱ እዚያች ጎማ ላይ ተገኘ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ! እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይበርድ እንዳይከፍቱት።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውኃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው) ወጥቶ የፈላ ውኃ ውስጥ ይግባ፤ ካልተከፈተ ይቀየር። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብለው አውጥተው የሚጥሉትን አይስሟቸው፤ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ይበላል። በቧንቧ ውኃ ምትክ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይጨምሩ። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ አረፋ ካዩ ግን ውኃ ከዘይቱ ሳይቀላቀል አልቀረምና ያኔ መካኒኩ ቴስታውን ይፍታ።